አስፋልት ሞልቶ ቦታ የጠፋበት አገር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መኪና፣ ሞተር፣ ውድድር

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ስለ ተገናኙ፣ ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ካምቢዮ የጠየቃችሁኝን ለሚቀጥለው ወር አሳድሬ ገጹን በሙሉ ለፎርሙላ ዋን ሰጥቼዋለሁ። የምትቀየሙኝ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔ ግን ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ አርባ ዓመት አልፎኛል። ዓመተ ምሕረቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱ በእኛ።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ፎርሙላ ዋን መከታተል የጀመርኩት ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው። አሜሪካ የመኪና አገር ናት ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ታዲያ ውድድሩ እዚያ አገር ከከተማ ከተማ ሲንከራተት የኖረው ለምንድን ነው? መንገድ ጠፍቶ ነው?» (ከገርጂ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ መንገድማ ሞልቷል፣ ልጄ። የጠፋው ደጋሽ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ፓራፋንጎ የሌላቸው፣ ጎማቸው ከአካላቸው ወጥቶ የሚታይ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዙት መኪኖች ዓመቱን ሙሉ ከአገር አገር እየዞሩ ይሽቀዳደማሉ። እኛ ዘንድ ድግስ የደገሰ ሰው እንጀራውንና ጠላውን ይችላል እንጂ ለእንግዳው «ስለ መጣህልኝ» ብሎ ገንዘብ አይቆጥርለትም። እዚህ ግን እንግዳው ይከፈለዋል። አዘጋጁ መንገዱን ያሰናዳል፣ አጥሩን ይተክላል፣ ሐኪሙንና እሳት አደጋውን ያቆማል፤ በዚያ ላይ ፎርሙላ ዋን እንዲመጣለት በየዓመቱ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይከፍላል። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ የእርሱ አይደለም። በመንገዱ ዳር የምታያቸው ትልልቅ ማስታወቂያዎችም አብዛኛዎቹ የእርሱ አይደሉም። የሚቀረው የመግቢያ ትኬቱ ነው። በብዙ አገር መንግሥት ስሙን ለማስጠራት ሲል ጉድለቱን ከካዝናው ይሞላል። አሜሪካ ውስጥ ግን ለረጅም ዘመን ሒሳቡ የሚወድቀው በአንድ ተስፈኛ ነጋዴ ትከሻ ላይ ነበር። ነጋዴው ሁለት ሦስት ዓመት ይከስርና ይተወዋል፤ ውድድሩም ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ተስፈኛ ፍለጋ ይነሣል።

እኔ ስቆጥራቸው የዓለም ሻምፒዮና ውድድር ያስተናገዱ የአሜሪካ ቦታዎች አሥራ ሁለት ደርሰዋል፤ ላስ ቬጋስን ሁለቴ ቆጥሬ ነው፣ ምክንያቱን ወደ ታች ታየዋለህ። ከ1950 እስከ 1960 የኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ለሻምፒዮናው ይቆጠር ነበር፤ የአውሮፓ ቡድኖች ግን እምብዛም አይሄዱበትም ነበር። «የአሜሪካ ግራንድ ፕሪ» የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በሻምፒዮናው የተቆጠረው በ1959 ፍሎሪዳ ውስጥ ሴብሪንግ ላይ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቦምብ ጣይ አብራሪዎች ይሠለጥኑበት የነበረ የአውሮፕላን ማረፊያ። የ22 ዓመቱ ብሩስ ማክላረን አሸነፈ። ጃክ ብራብሃም ደግሞ በመጨረሻው ዙር ነዳጁ አልቆበት መኪናውን በእጁ እየገፋ አራተኛ ሆኖ ገባና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እንዲህ ያለ ታሪክ እየተሠራ እንኳ አዘጋጁ ከሰረ። በዓመቱ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሪቨርሳይድ ላይ ተሞከረ፤ ስተርሊንግ ሞስ አሸነፈ፤ ተመልካቹ ግን ጥቂት ነበርና ከዚያ በኋላ አልተደገመም።

ቀጥሎ ዋትኪንስ ግሌን መጣ፤ እርሱን ከታች ለሌላ ጠያቂ አቆይቼዋለሁ። ከ1976 ጀምሮ ደግሞ ወደ ከተማ መንገድ ተገባ። ሎንግ ቢች ያኔ ያረጀች የወደብ ከተማ ነበረች። ክሪስ ፑክ የሚባል እንግሊዛዊ የጉዞ ወኪል «በከተማ መንገድ ላይ የሚሮጥባትን ሞናኮን እዚህ እናምጣት» ብሎ ከተማውን አሳመነ። እውነቱን ለመናገር ከእነዚያ ሁሉ ዳሶች ያማረው የእርሱ ነው። በ1983 ጆን ዋትሰን ከ22ኛ ቦታ ተነሥቶ ያሸነፈው እዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ኋላ ተነሥቶ ያሸነፈ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ፑክ ግን ሒሳብ አዋቂ ነበር። የፎርሙላ ዋን ዋጋ ሲንርበት በ1984 ወደ አሜሪካኖቹ የኢንዲካር ውድድር ዞረ፤ ዋጋው ርካሽ፣ ሕዝቡ ያው። የሎንግ ቢች ውድድር እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ ቀርታ የቀረችው ፎርሙላ ዋን ናት።

ዲትሮይት ከ1982 እስከ 1988 አስተናገደች፤ የፋብሪካዎቹ ከተማ መሆኗ ያኮራ ነበር፣ አስፋልቷ ግን በየዓመቱ ይፈራርስ ነበር። ፊኒክስ ከ1989 እስከ 1991 ሞከረች። የመጀመሪያውን ውድድር አሪዞና በረሃ ውስጥ በሰኔ ወር ያዘጋጀ ሰው ምን እያሰበ እንደ ነበር ዛሬም አይገባኝም። ከፊኒክስ በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ አሜሪካ ውስጥ አንድም ውድድር አልነበረም።

ጥያቄ፦ «እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ጋርላንድ ነው። ልጆቻችንን በየዓመቱ ፌር ፓርክ ወደሚደረገው የቴክሳስ ትርዒት እንወስዳቸዋለን። ባለፈው አንድ አዛውንት የሥራ ባልደረባዬ «እዚህ ግቢ ውስጥ ፎርሙላ ዋን ተካሂዷል» ቢሉኝ የሚቀልዱ መሰለኝ። እውነት ነው?» (የሁለት ልጆች እናት፣ ከቴክሳስ)

መልስ፦ እውነት ነው፣ እህቴ። ምስክሩም እኔ ነኝ።

ከሱዳን ዳላስ የገባሁት በ1983 ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከስደት በፊት ሶማሌ ተራ ሞተር ስፈታ ያደግሁ ልጅ ስለ ነበርኩ «የመኪና ውድድር ሊመጣ ነው» ሲባል እንቅልፍ አጣሁ። ለትኬት የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረኝ ለስላሳ መጠጥ የሚሸጥ ሰው ዘንድ በቀን ሥራ ገባሁ። ሥራዬ በረዶ ማመላለስ ነበር። ጓንት አልተሰጠኝም። የጣቶቼ ጫፍ ደንዝዞ ጀርባዬ በፀሐይ ሲጠበስ፣ ሰው በአንድ ጊዜ መብረድና መቃጠል እንደሚችል ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ቀኑ ጁላይ 8፣ 1984 ነበር። ሙቀቱ 38 ዲግሪ አካባቢ። የዳላስን ሐምሌ እርስዎም ያውቁታል። ሙቀቱን ሽሽት ውድድሩ ረፋድ ላይ 5 ሰዓት ተቀጠረ፤ የማለዳው ልምምድም እጅግ ቀደም ብሎ ስለ ነበር ፈረንሳዊው ዣክ ላፊት ፒጃማውን ለብሶ መጣ ብለው ሲስቁበት ሰማሁ። ልምምዱ ግን ተሰረዘ። ለምን ቢሉ፣ ቅዳሜ ዕለት ሌላ የመኪና ውድድር ተካሂዶ አዲሱን አስፋልት ገነጣጥሎት ስላደረ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቶሎ የሚደርቅ ሲሚንቶ ሲደፍኑበት አደሩ። ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት እንዲህ ነው። ማለዳ በረዶዬን ተሸክሜ አጥሩ ሥር ሳልፍ አንድ ቁራጭ አስፋልት መንገድ ዳር ተጥሎ አገኘሁና አነሣሁት። በእጄ ብጫነው እንደ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። ግማሹን እስከ ዛሬ በመፍቻ ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ጠጠሩ ከሬንጁ ጋር አልተያያዘም፣ በሁለት ጣት ይለቀማል።

ሾፌሮቹ «እንወዳደር፣ አንወዳደር» ብለው ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ተወዳደሩ። ከተነሡት ሃያ ስድስት ገደማ መኪኖች አብዛኞቹ ግንብ እየመቱ ቀሩ። ያኔ ገና አዲስ የነበረው አይርተን ሴና ግንብ መትቶ ወጣና «ግንቡ ከቦታው ተንቀሳቅሷል እንጂ እኔ አልተሳሳትኩም» አለ። የቡድኑ መሐንዲስ ፓት ሲሞንድስ ከውድድሩ በኋላ አብሮት ሄዶ ቢያየው፣ እውነትም ሌላ መኪና ገፍቶት የሲሚንቶው ግንብ በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ መንገዱ ወጥቶ ነበር። ሴና በእያንዳንዱ ዙር ምን ያህል ለግንቡ ተጠግቶ ይነዳ እንደ ነበር ከዚህ ይገምቱ።

ያሸነፈው ኬኬ ሮዝበርግ ነው። ከራስ ቁሩ ሥር ቀዝቃዛ ውሃ የሚዘዋወርበት ቆብ አድርጎ ነበር። ናይጄል ማንሰል ደግሞ መኪናው መጨረሻው ላይ ሲቆምበት ወርዶ ወደ መግቢያው መስመር ሲገፋው በሙቀቱ ራሱን ስቶ ወደቀ። እኔ ያየሁት ከሩቅ ነው፤ ሰው ሁሉ ሲጮህ በረዶዬን ጥዬ አጥሩ ላይ ወጣሁ። ሽማግሌው ባልደረባዎ እዚያ ከነበሩ ያን ጩኸት አይረሱትም። ከዚያ ወዲህ ፎርሙላ ዋን ወደ ዳላስ አልተመለሰም።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ዋትኪንስ ግሌን አለ፤ ሮድ አሜሪካ አለ፤ ኢንዲያናፖሊስ አለ። የተሠራ መንገድ ተቀምጦ እያለ ሚያሚ ስታዲየም ዙሪያና ላስ ቬጋስ ካዚኖ መሐል መሮጥ ምን ይባላል?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የአንተ ቁጣ የእኔም ነበር፤ አሁን አሁን በርዶልኛል።

የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ለፎርሙላ ዋን የሚሰጠው የመጀመሪያ ደረጃ ፈቃድ አለ። አንዱ ዙር ከ3.5 ኪሎ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ቀጥታው መንገድ ከ2 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ መነሻው ቦታ ቢያንስ 15 ሜትር ሊሰፋ ይገባል። እስከዚህ ቀላል ነው። የሚከብደው መንገዱን ስቶ ለሚወጣ መኪና የሚተውለት ሜዳ ነው። ሾፌሩ ተሳስቶ በሰዓት ሁለት መቶ ሰማንያ ሲወጣ የሚቀበለው ምንድን ነው? ሰፊ ሜዳና ጎማ የተደረደረበት አጥር ነው ወይስ ዛፍ? በዚያ ላይ የቀዶ ሕክምና የሚያውቅ ክሊኒክ፣ ሄሊኮፕተር፣ ለቡድኖቹ ሁሉ የሚበቃ ጋራዥ ያስፈልጋል።

ዊስኮንሲን ውስጥ ያለውን ሮድ አሜሪካን አንድ ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ። ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ርዝመት አለው፤ በጫካ መሐል ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ሣሩ ላይ ተኝቶ ማየት ይቻላል። ከዚያ በላይ የሚያምር መንገድ አሜሪካ ውስጥ አላየሁም። ግን ዛፉን ቁረጡ፣ ኮረብታውን ናዱ ሊባል ነው። ያን ካደረጉበት በኋላ ሮድ አሜሪካ መሆኑ ይቀራል። ሆቴሉም አይበቃም፤ ቦታው ያለባት ኤልክሃርት ሌክ ትንሽ መንደር ናት።

ዋትኪንስ ግሌን ሌላ ታሪክ ነው። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ፣ ሴኔካ ሐይቅ ጫፍ ላይ ያለች፣ ነዋሪዋ ሁለት ሺህ ገደማ የሆነ መንደር ናት። በ1948 ካሜሮን አርጌትሲንገር የሚባል የሕግ ተማሪ በመንደሯ አውራ ጎዳና ላይ ውድድር ካልተካሄደ ብሎ ተነሣ፣ ተሳካለትም። በ1952 መንገድ ዳር የቆመ ሕፃን ተገጭቶ ሲሞት ውድድሩ ከመንደሩ መሐል ወጣ፤ በ1956 ለብቻው የተሠራ መንገድ አገኘ። ከ1961 እስከ 1980 ድረስ ሃያ ዓመት ሳያቋርጥ ፎርሙላ ዋንን አስተናገደ። ሽልማቱ ከሁሉም የበለጠ ስለ ነበር ሾፌሮቹ ይወዱት ነበር፤ በ1969 ዮኬን ሪንት የመጀመሪያ ድሉን ሲያገኝ ሃምሳ ሺህ ዶላር ይዞ ሄዷል። ያኔ ያ ገንዘብ ነበር!

ከዚያ ሞት መጣ። በ1973 በልምምድ ላይ ፍራንሷ ሴቬር ከብረቱ አጥር ጋር ተጋጭቶ ሞተ። የቡድን ጓደኛው ጃኪ ስቴዋርት በማግስቱ መቶኛ ውድድሩን ሊያደርግ ነበር፤ ሳይወዳደር ቀረ፣ ከዚያም በኋላ አልተወዳደረም። በዓመቱ እዚያው ሄልሙት ኮይኒግ ሞተ፤ የአጥሩ የታችኛው ብረት ተላቆ መኪናው ከሥሩ ገባ። አጥሩ መኪናውን እንዲያቆም ነበር የተሠራው። መንገዱን አስተካከሉት፤ ወጪው ግን ዕዳ ሆነ። ከ1980ው ውድድር በኋላ ለቡድኖቹ የሚገባውን ገንዘብ መክፈል ስላቃተው ከዝርዝሩ ወጣ። አሁን ሌሎች ውድድሮች ይካሄዱበታል፤ ሰማያዊ ቀለም የተቀባው የብረት አጥር አሁንም ከመንገዱ ጠርዝ ብዙም አይርቅም። ቆሜ ስመለከተው ደስ ይለኛል፤ የዛሬን ፎርሙላ ዋን ግን እዚያ ላይ ልኬ ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም።

ኢንዲያናፖሊስ ትልቁ ተስፋችን ነበር። ከ1909 ጀምሮ ያለ ቦታ፣ ከ200 ሺህ በላይ መቀመጫ ያለው፣ ገንዘብ ያለው። በክቡ የድሮ መንገድ መሐል አዲስ መንገድ ቀየሱና በ2000 ፎርሙላ ዋን ተመለሰ። ነገር ግን መጨረሻው ላይ መኪኖቹ ወደ ጎን ያዘነበለውን የድሮውን ኩርባ በሙሉ ፍጥነት ይይዙት ነበር፤ አሥራ ሦስተኛው መታጠፊያ ይባላል። በ2005 ዓርብ ዕለት የራልፍ ሹማኸር ጎማ እዚያ ፈነዳ። ጎማውን የሠራው ኩባንያ ሚሸሊን ጎማዎቹ ያንን ኩርባ እንደማይችሉት ራሱ አመነ። መታጠፊያው ላይ ፍጥነት የሚቀንስ ማሰናከያ ይሠራ ተባለ፤ ፌዴሬሽኑ እምቢ አለ። እሑድ ሃያዎቹ መኪኖች ለማሟሟቂያ አንድ ዙር ዞሩና ሚሸሊን ያደረጉት አሥራ አራቱ በሙሉ ወደ ጋራዥ ገቡ። ስድስት መኪና ቀረ። ያን ሁሉ ሕዝብ አስቀምጠው በስድስት መኪና ተወዳደሩ! ሚካኤል ሹማኸር አሸነፈ፤ ለማሸነፉም የደስታ ድምፅ አልነበረም። ሚሸሊን የትኬት ገንዘብ መለሰ። ሕዝቡ ግን ልቡ አልተመለሰም። በ2007 ሉዊስ ሃሚልተን ካሸነፈበት ውድድር በኋላ የቦታው ባለቤቶችና የፎርሙላ ዋኑ ሰው በርኒ ኤክልስተን በክፍያው ሳይስማሙ ቀሩ። እንግዲህ ደረጃውን የጠበቀ መንገድ፣ መቀመጫ፣ ከተማ፣ ታሪክ፣ ሁሉም ነበር። የቀረው ክፍያው ላይ መስማማት ነበር።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ላስ ቬጋስ ታክሲ ይነዳል። በውድድሩ ሰሞን ከቤት ሲወጣ ደስ ብሎት፣ ሲመለስ ተናዶ ነው። እርስዎ እዚሁ ከተማ እንደሚኖሩ ስለማውቅ ልጠይቅዎት፤ ይህ ውድድር ለእኛ ይበጀናል?» (ከላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ)

መልስ፦ ባለቤትሽን በዓይን ሳላውቀው አልቀርም፤ በዚያ ሰሞን ሁላችንም ፊታችን አንድ ዓይነት ነበር።

በመጀመሪያ ስለ አሮጌው ልንገርሽ። ላስ ቬጋስ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1981 እና በ1982 በሲዘርስ ፓላስ ሆቴል የመኪና ማቆሚያ ላይ ተወዳድረዋል። ቀልድ አይደለም፤ ማቆሚያው ላይ የሲሚንቶ ግንብ ደርድረው እንደ አንጀት የተጠማዘዘ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚያልፍ መንገድ ሠሩበት። ኔልሰን ፒኬ ሻምፒዮን የሆነው እዚያ ነው፤ ከመኪናው ሲወርድ በድካም መቆም አቅቶት ነበር። ተመልካች አልመጣም፤ በሁለተኛው ዓመት አለቀ። አሁን ቦታው ላይ ሕንጻ ቆሟል።

በ2023 በከተማው ጎዳና ላይ የተጀመረው ግን ከበፊቶቹ ሁሉ የተለየበት አንድ ነገር አለ፤ ደጋሹ ራሱ እንግዳው ነው። በ2017 ፎርሙላ ዋንን የገዛው የአሜሪካ ኩባንያ ሊበርቲ ሚዲያ እዚህ ላይ ነጋዴ መፈለጉን ትቶ በራሱ ገንዘብ ገባ። ለጋራዡ ሕንጻ የሚሆን 39 ኤከር መሬት በ240 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ቢከስርም ባይከስርም በሁለት ዓመት ጓዙን ጠቅልሎ አይሄድም። ለዚህ ነው አሮጌውንና አዲሱን ለየብቻ የቆጠርኳቸው።

የከፈልነውን ግን እኛ እናውቀዋለን። ከሚያዝያ ጀምሮ መንገዱ ይቆፈራል፣ ይለበጣል፤ ኮቫል አንድ ቀን ይዘጋል፣ ሃርሞን በማግስቱ። ቤላጂዮ ፏፏቴ ፊት የነበሩት ዛፎች ለተመልካች መቀመጫ ተቆረጡ። አንድ ምሽት ከአውሮፕላን ማረፊያ የጫንኳቸው አሮጊት ሴትዮ ሆቴላቸው በዓይን እየታየ አርባ ደቂቃ ቆምን። ቆጣሪውን አጠፋሁት። «ልጄ፣ በእግሬ ብሄድ ይሻላል» ብለው ሻንጣቸውን ይዘው ወረዱ፤ ቀድመውኝም ደረሱ። መንገድ በተዘጋባቸው ሌሊቶች ሊትል ኢትዮጵያ በሚባለው ሰፈር ያሉት ምግብ ቤቶች ሥራ በፈቱ ሾፌሮች ተሞልተው ነበር፤ እነርሱ ይጠቀሙ እንጂ!

ሐሙስ ዕለት ደግሞ ያ የብረት ክዳን መጣ። የመጀመሪያው ልምምድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀመረ፤ ዘጠኝ ደቂቃ ሳይሞላ የካርሎስ ሳይንስ ፌራሪ የውሃ መዝጊያ ክዳን መታ። የእነዚህ መኪኖች ወለል ከመሬት ጣት አያስገባም፣ ከሥሩ ያለው አየርም መኪናውን ወደ ታች ይስበዋል፤ ያው አየር የላላ ክዳንም ሲያገኝ ከጉድጓዱ ነቅሎ ያነሣዋል። ሳይንስ በሰዓት ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ እየሄደ ነው የመታው፤ ወለሉ፣ ሻንሲው፣ ሞተሩ ተበላሸ። በዚያ ላይ ባትሪ ለመለወጡ አሥር ቦታ ወደ ኋላ ተቀጣ፤ ቅጣቱ ሕግ ነው ተባለ፣ እኔ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። ከዚያ ክዳኑን ሁሉ እየዞሩ ሲያጠብቁ አመሹ። ተመልካቹን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ አስወጡትና ሁለተኛው ልምምድ 8 ሰዓት ተኩል ላይ በባዶ መቀመጫ ፊት ተካሄደ። የዚያን ሌሊት የጫንኩት አንድ ሰው ሆቴሉ እስኪደርስ አንድ ቃል አልተናገረም። ሲወርድ ብቻ «ዘጠኝ ደቂቃ» አለኝ።

ፍትሐዊ ልሁን። ቅዳሜ ሌሊት የተካሄደው ውድድር ግሩም ነበር፤ ማክስ ቨርስታፐን እያማረረ መጥቶ አሸነፈ። በቀጣዮቹ ዓመታትም መንገዱ እንደ መጀመሪያው አልተቆፈረም፤ ለበጣው ተሠርቶ አልቋልና። ጥያቄሽን በቀጥታ ለመመለስ፦ ለከተማዋ ይበጃል፣ ለሆቴሎቹ ይበጃል። ለባለቤትሽ ግን ያን ሳምንት ዕረፍት ወስዶ ቢተኛ ይሻለዋል። እኔ በሁለተኛው ዓመት እንደዚያ ነው ያደረግሁት።

ጥያቄ፦ «ልጆቼን ይዤ አንዱን ልሂድ ብል ኦስቲን፣ ሚያሚ ወይስ ላስ ቬጋስ? ገንዘቤ ብዙ አይደለም።» (ከአትላንታ፣ ጆርጂያ)

መልስ፦ ኦስቲን፤ አላመነታም።

ሚያሚ ስታዲየም ዙሪያ ያለ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ በ2022 ሲጀምሩት የመርከብ ወደብ አስመስለው ውሃ በቀለም ሠርተው እውነተኛ ጀልባዎች አስቀመጡበት። የቀለም ውሃ ለማየት ይህን ያህል አይከፈልም። ኒው ጀርሲ ውስጥ በሃድሰን ወንዝ ዳር ይካሄዳል የተባለውም ለ2013 ተቀጥሮ ሳይሆን ቀረ፤ እንዳትጠብቀው።

ኦስቲን ግን ዳስ ሳይሆን ቤት ነው። ለዚሁ ተብሎ ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ በእርሻ ምድር ላይ ተሠርቶ በ2012 ተከፈተ። አንዱ ዙር 5.513 ኪሎ ሜትር፣ ሃያ መታጠፊያ። ለምን ቆየ ብለህ ብትጠይቅ፣ የቴክሳስ መንግሥት እንዲህ ላሉ ዝግጅቶች ካለው ገንዘብ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየዓመቱ 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ስላገዘው ነው፤ በ2015 ሲቀንሱበት ባለቤቶቹ ሊያልቅልን ነው ብለው ጮኸው ነበር። ጉድለትም አለው። አፈሩ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላ ነው፤ እንደ እኛው ጥቁር አፈር ማለት ነው። ስለዚህ መንገዱ ይጎረብጣል፣ በየጊዜው ይለበጣል።

ግን ያ ኮረብታ! ከመነሻው ጀምሮ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ አርባ ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል። በቴሌቪዥን ዳገት አይመስልም፤ ቆመህ ስታየው ግድግዳ ነው። በ2012 እዚያ ጫፍ ላይ ነበርኩ። መኪኖቹ ከታች እንደ ጉንዳን ሰልፍ ሲነሡ ታያለህ፣ ድምፁ ከደረታቸው ሳይሆን ከራስህ ደረት ውስጥ የሚወጣ ይመስልሃል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ሃያ አራቱም ፊትህ ላይ ናቸው፤ ግራ መታጠፊያው ላይ ስለሚሰፋ አንዱ በውስጥ፣ አንዱ በውጭ ይገባል። ከ2014 ወዲህ ሞተሩ ተለውጦ ድምፁ ቀንሷል፤ ለልጆችህ ጆሮ ደኅና ነው፣ ለእኔ ግን ሐዘን ነው።

ወጪህን ለመቀነስ መቀመጫ የሌለውን የሣር ላይ ትኬት ግዛ። በጠዋት ግቡ፤ የኮረብታው ጥሩ ቦታ ቶሎ ያልቃል። የፀሐይ ባርኔጣና የዝናብ ልብስ ሁለቱንም ያዝ። በ2015 የማዕበል ቅሪት መጥቶ ሦስት ቀን ሲዘንብ የመነሻ ቦታ የሚወሰንበት የቅዳሜው ማጣሪያ ወደ እሑድ ተላልፎ ነበር፤ ያ ሸክላ አፈር አንድ እግር ጫማዬን ውጦ አስቀርቶብኛል። ለልጆቹ በገመድ የሚታሰር ጫማ አድርግላቸው።